ድንቅነሽ፦ በማርስ እና በጁፒተር መካከል የምትዞረው ትንሽ ዓለት እና ምህዋሯ

ድንቅነሽ በማርስ እና በጁፒተር ምህዋሮች መካከል በተዘረጋው ዋናው የአስትሮይዶች ቀበቶ ውስጥ፣ ለፀሐይ በሚቀርበው ጠርዝ በኩል የምትዞር ትንሽ ዓለት ናት። አማካይ ስፋቷ 720 ሜትር ገደማ ነው፤ በመሬት ላይ ብትዘረጋ መንገደኛ በአሥር ደቂቃ ያህል ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣታል። በዓለም አቀፉ የአስትሮይዶች መዝገብ ቁጥሯ 152830 ነው። ስሟን ያገኘችው ዓለም ሉሲ ብሎ ከሚያውቃት፣ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ድንቅነሽ ከሚሏት የሀዳር ቅሪተ አካል ነው።

ይህች ዓለት በዓይን አትታይም፤ ለመሬትም ስጋት አይደለችም። ይሁን እንጂ የሰማይ ድንጋዮች መንገዳቸው እንዴት እንደሚታወቅ፣ የሚያሰጋው ከማያሰጋው በምን እንደሚለይ ለመረዳት ከእርሷ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። በቅርብ ከታዩት የቀበቶው አካላት እጅግ ትንሽ ከሚባሉት አንዷ ስትሆን፣ የራሷ ጨረቃ እንዳላትም ተረጋግጧል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው የአስትሮይዶች ቀበቶ

አስትሮይድ ማለት ፀሐይን የሚዞር፣ ነገር ግን ፕላኔት ለመባል የማይበቃ ዓለታማ ወይም ብረታማ አካል ነው። የፀሐይ ሥርዓት ከ4 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ከጋዝና ከአቧራ ሲገነባ አብዛኛው ቁስ ወደ ፀሐይና ወደ ፕላኔቶች ተሰብስቧል። በማርስ እና በጁፒተር መካከል የነበረው ቁስ ግን አንድ ፕላኔት ሆኖ ሊጠቃለል አልቻለም። የግዙፉ ጁፒተር ስበት ድንጋዮቹን እያወከና ፍጥነታቸውን እየጨመረ፣ ሲገናኙ ከመጣበቅ ይልቅ እንዲጋጩና እንዲሰባበሩ አድርጓቸዋል። ቀበቶው የዚያ ዘመን ትራፊ ነው።

ከቀበቶው አካላት መጀመሪያ የተገኘችው ሴሬስ ናት። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፒያዚ ፓሌርሞ ከተማ ሆኖ ያያት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1801 ነበር። ስሟም የሮማውያን የእርሻና የአዝመራ አምላክ ከምትባለው የተወሰደ ነው። ፒያዚ ለጥቂት ሳምንታት ከተከታተላት በኋላ ሴሬስ በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ጠፋች። በወቅቱ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ከነዚያ ጥቂት ምልከታዎች ብቻ ተነሥቶ ምህዋሯን አሰላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴሬስ እርሱ ካመለከተው ሥፍራ አቅራቢያ ዳግም ተገኘች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አስትሮይድን ማወቅ ማለት ከሁሉ በፊት መንገዱን ማወቅ ማለት ሆነ።

ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስትሮይዶች ተመዝግበዋል። ቁጥሩ ብዙ ይምሰል እንጂ የቀበቶው አካላት ሁሉ ተደምረው የጨረቃን ክብደት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞሉም። ሴሬስ ብቻዋን 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ስላላት ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ያህሉን ትይዛለች። ቀሪዎቹም በፊልም እንደሚታየው ተጨናንቀው የሚጋፉ አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ፓዮኒር 10 የተባለችው መንኮራኩር በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ቀበቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ ካቋረጠች ወዲህ በርካታ መንኮራኩሮች ያለ አደጋ አልፈውታል።

የድንቅነሽ መገኘት

ድንቅነሽ የተገኘችው ጥቅምት 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ያገኛት በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሶኮሮ አቅራቢያ የሚሠራው ሊኒየር የተባለ የሰማይ ቅኝት ፕሮግራም ነበር። ይህ ፕሮግራም ወደ መሬት ሊቀርቡ የሚችሉ አካላትን ለመፈለግ ሰማዩን በቴሌስኮፕ ደጋግሞ ያነሣ ነበር። ዘዴው ለመረዳት አይከብድም። አንድን የሰማይ ክፍል በአንድ ሌሊት ብዙ ጊዜ ፎቶ በማንሣት ምስሎቹ ይነጻጸራሉ። ከዋክብት ባሉበት ይቆማሉ፤ ከምስል ወደ ምስል ቦታውን የሚለውጥ የብርሃን ነጥብ ካለ ግን አስትሮይድ ሊሆን ይችላል።

አዲስ የተገኘ አስትሮይድ ወዲያው ስም አይሰጠውም። በመጀመሪያ የሚያገኘው ጊዜያዊ መለያ ነው። የድንቅነሽ ጊዜያዊ መለያ «1999 ቪ ዲ 57» የሚል ነበር። መለያው የራሱ ትርጉም አለው። 1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተገኘችበት ዓመት ነው። «ቪ» የተባለው የላቲን ፊደል የኖቬምበርን የመጀመሪያ አጋማሽ ያመለክታል። «ዲ» እና 57 ደግሞ በአንድነት በዚያ ግማሽ ወር ከተመዘገቡት አካላት ስንተኛዋ እንደሆነች ይናገራሉ። ስሌቱ 1 ሺህ 429ኛ መሆኗን ያሳያል። በአሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ይህን ያህል አካላት መመዝገባቸው፣ አንዲት ትንሽ ዓለት ከብዙዎች መካከል ሳትለይ ለዓመታት መቆየቷ የማያስገርም እንደሆነ ያስረዳል።

ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምህዋሩ በተደጋጋሚ ምልከታ ለተረጋገጠ አስትሮይድ ብቻ ነው። የጥቂት ሌሊት ምልከታ የመንገዱን ቁራጭ ብቻ ያሳያል፤ ከአጭር ቁራጭ ተነሥቶ ሙሉውን መንገድ መተንበይ ለስህተት የሰፋ ነው። ምልከታው በዓመታት ሲራዘም ግን ግምቱ እየጠበበ ይሄዳል። 152830 የሚለው ቁጥር የዚህች ዓለት መንገድ አስተማማኝ ሆኖ መታወቁን የሚመሰክር ነው።

ምህዋሯ

ድንቅነሽ ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት መሬት ከፀሐይ ካላት አማካይ ርቀት 2 ነጥብ 19 እጥፍ ነው። የመሬትና የፀሐይ ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የድንቅነሽ ርቀት በአማካይ ወደ 328 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የፀሐይ ብርሃን ወደ መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ሲወስድበት፣ ወደ ድንቅነሽ ለመድረስ 18 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሲደርስም ኃይሉ በመሬት ላይ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ዝቅ ብሏል።

መንገዷ ፍጹም ክብ ሳይሆን በመጠኑ የሞለለ ነው። ለፀሐይ በጣም ስትቀርብ ወደ 290 ሚሊዮን፣ በጣም ስትርቅ ደግሞ ወደ 365 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትሆናለች። ጀርመናዊው ዮሐንስ ኬፕለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1609 ይፋ ባደረገው ሕግ መሠረት፣ ፀሐይን የሚዞር አካል ሲቀርባት ይፈጥናል፤ ሲርቃት ያዘግማል። ድንቅነሽም በቅርቡ ጫፍ በሰከንድ 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ በሩቁ ጫፍ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች።

አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅባት ጊዜ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ነው። ይህን ቁጥር ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው ይችላል። የኬፕለር ሦስተኛው ሕግ፣ ርቀቱ በመሬት ርቀት ተለክቶ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት፣ የዙሩ ጊዜ በዓመት ተለክቶ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው ይላል። 2 ነጥብ 19 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 10 ነጥብ 5 ይሆናል። ሁለት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 10 ነጥብ 5 የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ 3 ነጥብ 24 ነው። ሦስት ዓመት ከሦስት ወር የተባለው ይኸው ነው። ርቀቱ ከታወቀ ጊዜው፣ ጊዜው ከታወቀም ርቀቱ ይገኛል።

መሬት በውስጠኛው ምህዋር ፈጥና ስለምትዞር በየ17 ወሩ ገደማ ድንቅነሽን ደርሳ ታልፋታለች። ነገሩ በሩጫ ሜዳ ላይ ፈጣኑ ሯጭ ዘገምተኛውን በዙር ደርቦ እንደሚያልፈው ያለ ነው። ሁለቱ የሚቀራረቡት ያን ጊዜ ነው፤ ድንቅነሽን ከመሬት በቴሌስኮፕ ለመመልከት የተሻለው ወቅትም እርሱ ነው።

የምህዋሯ ዝንባሌም አነስተኛ ነው። ፕላኔቶች ፀሐይን የሚዞሩት በአንድ ገበታ ላይ እንዳሉ ያህል ተቀራራቢ በሆነ ደረጃ ላይ ሲሆን፣ የድንቅነሽ መንገድ ከመሬት መንገድ ጋር ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህ ዝቅተኛ ዝንባሌ ኋላ በመንኮራኩር ለመጎብኘት ከረዷት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የቀበቶው ባዶ መስመሮች

አሜሪካዊው ዳንኤል ኪርክዉድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 አስትሮይዶች በቀበቶው ውስጥ በእኩል እንዳልተበተኑ አስተዋለ። በአንዳንድ ርቀቶች ላይ አስትሮይድ የለም ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ባዶ መስመሮች አንዱ ከፀሐይ በመሬት ርቀት 2 ነጥብ 5 እጥፍ ላይ ይገኛል።

ምክንያቱ ጁፒተር ነው። በዚያ ርቀት ላይ የሚገኝ ድንጋይ ጁፒተር አንድ ጊዜ ፀሐይን ስትዞር እርሱ ልክ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ የጁፒተር ስበት በተመሳሳይ አኳኋን እየተደጋገመ ይደርስበታል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ልጅ በትክክለኛው ቅጽበት እየደጋገሙ ቢገፉት፣ ግፊቱ ትንሽ ቢሆንም ውዝዋዜው እየጨመረ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የድንጋዩም ምህዋር በዘመናት ብዛት እየሞለለ ይሄዳል። በመጨረሻም የማርስን፣ ከዚያም የመሬትን መንገድ እስከ ማቋረጥ ሊደርስ ይችላል። ወደ መሬት ከሚቀርቡት አስትሮይዶችና በመሬት ላይ ከሚወድቁት የሰማይ ድንጋዮች ብዙዎቹ ከቀበቶው የወጡት በእንደዚህ ያሉ በሮች ነው።

የድንቅነሽ አማካይ ርቀት 2 ነጥብ 19 ነው፤ በጣም ስትርቅ እንኳ ከ2 ነጥብ 44 አትበልጥም። መንገዷ ከባዶው መስመር ወዲህ ባለው በቀበቶው ውስጠኛ ክፍል የተወሰነ ነው።

ስያሜዋ

ዓለቷ ስም ያገኘችው ሉሲ በተሰኘችው የአሜሪካ የሕዋ ምርምር ተቋም፣ የናሳ መንኮራኩር ምክንያት ነው። መንኮራኩሯ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. የተወነጨፈችው ትሮጃን የሚባሉትንና ከጁፒተር ጋር በአንድ ምህዋር የሚዞሩትን አስትሮይዶች ለማጥናት ነው። ስሟ የተወሰደው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሀዳር ከተገኘችው የ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ነው። ቅሪተ አካሏ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ ብዙ እንዳስረዳች ሁሉ፣ መንኮራኩሯም ስለ ፕላኔቶች አመጣጥ ታስረዳለች የሚል ተስፋ ነበር።

በጉዞ ዕቅዱ ላይ ድንቅነሽ አልነበረችም። በፈረንሳይ ኒስ የሥነ ፈለክ ምርምር ማዕከል የሚሠራው ራፋኤል ማርሻል ምህዋራቸው በደንብ የታወቀ 500 ሺህ አስትሮይዶችን ከሉሲ የጉዞ መስመር ጋር አነጻጸረ። ከሁሉ ይልቅ ለመስመሩ የምትቀርበው «1999 ቪ ዲ 57» ሆና ተገኘች። መንኮራኩሯ ምንም ሳትዘዋወር በ64 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ታልፋት ነበር። በ2015 ዓ.ም. በመንኮራኩሯ አቅጣጫ ላይ አነስተኛ ማስተካከያ በማድረግ ርቀቱን ወደ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ማጥበብ ተችሏል። አስቀድሞ የተጠራቀመ የምህዋር መዝገብ ባይኖር ኖሮ መንኮራኩሯ ከጎኗ ማን እንዳለ ሳታውቅ ታልፍ ነበር።

በዚያው ዓመት ለዓለቷ ስም መስጠት አስፈለገ። መንኮራኩሯ ሉሲ ከተባለች፣ መጀመሪያ የምትጎበኘው አካል የቅሪተ አካሏን ኢትዮጵያዊ ስም ይያዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጸደቀ። «አንቺ ድንቅ ነሽ» የሚል ትርጉም ያለው የአማርኛ ስም በዚህ መልኩ በሰማይ አካላት መዝገብ ሰፈረ።

የጥቅምት 21ዱ ጉብኝት

ሉሲ ድንቅነሽን ያለፈቻት ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነበር። ሁለቱ የተላለፉት በሰከንድ 4 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው። ይህም በሰዓት 16 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

የጉብኝቱ ዋና ዓላማ መሣሪያ መሞከር ነበር። ከመሬት የሚላክ ትእዛዝ በእንዲህ ያለ ርቀት ላይ ለመድረስ ደቂቃዎች ስለሚወስድበት፣ መንኮራኩሯን በቅጽበት ከመሬት ሆኖ መምራት አይቻልም። ስለሆነም ሉሲ ዒላማዋን ራሷ ፈልጋ፣ በካሜራዋ ይዛና እያየች እንድትከተል የሚያስችል ሥርዓት ተገጥሞላታል። ሙከራው ተሳካ። የተገኘው ሳይንሳዊ ውጤት ግን ከመሣሪያው ሙከራ የላቀ ሆነ።

ከጉብኝቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ተመራማሪዎች የድንቅነሽ ብርሃን በተለየ ሁኔታ ከፍ ዝቅ እንደሚል አስተውለው ነበር። ምስሎቹ ወደ መሬት ሲደርሱ ምክንያቱ ታወቀ። ድንቅነሽ ብቻዋን አይደለችም፤ የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ አለቻት። ጥቂት ቆይተው የደረሱት ተጨማሪ ምስሎች ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ የተጣበቁ ሁለት ድንጋዮች መሆኗን አሳዩ። ሌላ አስትሮይድ የምትዞር እንዲህ ያለች ጥንድ ስትታይ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ቀደም ሲል ከመሬት በቴሌስኮፕ የተደረገው ጥናት አስትሮይዷ በራሷ ዛቢያ ላይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 52 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅባት ያመለክት ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ ይህ ጊዜ የጨረቃዋ ዙር መሆኑ ተረጋገጠ። ድንቅነሽ ራሷ የምትሽከረከረው ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ማለትም በ3 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው።

ጨረቃዋ ሰላም

ጨረቃዋ በኅዳር 2016 ዓ.ም. «ሰላም» ተብላ ተሰይማለች። ስሙ የተወሰደው በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአፋር ዲኪካ በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ካገኛት የሕፃን ቅሪተ አካል ነው። ያቺ ሰላም በሦስት ዓመት ዕድሜ ገደማ የሞተች ሕፃን ስትሆን የምትገኘውም ከድንቅነሽ ዘር ነው። ዕድሜዋ 3 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዓመት በመሆኑ ከድንቅነሽ ትቀድማለች። ብዙዎች «የሉሲ ልጅ» ቢሏትም ልጇ ልትሆን አትችልም፤ በሁለቱ መካከል የመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ልዩነት አለ።

የሰማዩዋ ሰላም ሁለት ክፍሎች 210 እና 230 ሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። ከድንቅነሽ መሐል በ3 ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ትዞራታለች። የኛ ጨረቃ ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ወደ መሬት እንደምታዞር ሁሉ ሰላምም አንድ ፊቷን ብቻ ለድንቅነሽ ታሳያለች።

ቅርጿ ከየት መጣ?

ድንቅነሽ በወገቧ ዙሪያ ከፍ ያለ ሸንተረር፣ ከጎኗ ደግሞ ረጅም ስርጉድ አላት። ቅርጿ መሐሉ ላይ ክብ ማጠፊያ ያለው የእንዝርት ዓይነት ነው። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ ከፀሐይ ብርሃን ጋር የተያያዘ ነው።

የፀሐይ ብርሃን አንድን ዓለት ያሞቀዋል፤ ዓለቱም ሙቀቱን መልሶ ወደ ሕዋ ይረጫል። የሚረጨው ሙቀት እጅግ ቀላል የሆነ ግፊት ይፈጥራል። ቅርጹ ወጣ ገባ በሆነ ትንሽ አስትሮይድ ላይ ይህ ግፊት በሁሉም ጎን እኩል ስለማይሆን፣ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሽክርክሪቱን ሊያፈጥነው ይችላል። ሽክርክሪቱ ሲበረታ በላዩ ላይ ያለው ልቅ ድንጋይና አፈር ወደ ወገቡ ይንሸራተታል፤ ከፊሉም ተነቅሎ ይወጣል። ተመራማሪዎች የድንቅነሽ ስርጉድና ሸንተረር፣ ሰላምም ራሷ፣ የዚህ መንሸራተት ውጤት ናቸው ብለው ያምናሉ። ተነቅሎ የወጣው ድንጋይ በድንቅነሽ ዙሪያ እየዞረ ተሰባስቦ ጨረቃ ሆኗል ማለት ነው። ሰላም ለምን ሁለት ተቀራራቢ መጠን ያላቸው ክፍሎች ሆና እንደቀረች ግን እስካሁን ያልተቋጨ ጥያቄ ነው።

ድንቅነሽ የተሠራችው በሲሊካ ውህዶች ከበለጸገ ዓለት ነው። በዚህ ዓይነት ዓለት የተሠሩ አስትሮይዶች በቀበቶው ውስጠኛ ክፍል ይበዛሉ። የጃፓኗ ሀያቡሳ መንኮራኩር ኢቶካዋ ከተባለ ተመሳሳይ አስትሮይድ በ2002 ዓ.ም. ያመጣችው ናሙና፣ በመሬት ላይ በብዛት የሚወድቁት የሰማይ ድንጋዮች ምንጫቸው እነዚህ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ለመሬት ታሰጋለችን?

አታሰጋም። ድንቅነሽ ለፀሐይ በጣም በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ ከመሬት መንገድ ወደ 140 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ሁለቱ ምህዋሮች አይነካኩም።

የአስትሮይድ አደገኛነት በስፋቱ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚታየው ምህዋሩ ነው። ሴሬስ 940 ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖራትም መንገዷ ከመሬት የራቀ ስለሆነ አታሰጋም። በአንጻሩ የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ የፈነዳው ድንጋይ 20 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ከመሬት መንገድ ጋር ስለተገናኘ የፍንዳታው ንፍሰት መስኮቶችን ሰባብሮ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን አቁስሏል። በሌሊት ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ተወርዋሪ ኮከብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ሲሆን፣ አየር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ጉዳት የለውም።

ምህዋርን አጥርቶ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ2017 ዓ.ም. ታይቷል። «2024 ዋይ አር 4» የተባለ፣ 60 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ በታኅሣሥ ወር ከተገኘ በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. ከመሬት ጋር ሊጋጭ ይችላል የሚል ስሌት ወጣ። በየካቲት የመጋጨት ዕድሉ ከመቶ 3 አካባቢ ደርሶ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ ሆነ። ምልከታው ሲቀጥልና መንገዱ ሲጠራ ግን በዚያው ወር ዕድሉ ወደ ዜሮ ወረደ። ድንጋዩ መንገዱን አልለወጠም፤ የተለወጠው የሰው ዕውቀት ነው። አዲስ የተገኘ አስትሮይድ ከመሬት ጋር የመጋጨት ዕድል አለው የሚል ዜና ሲሰማ፣ ቁጥሩ ምልከታው ገና አጭር መሆኑን የሚገልጽ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ያሻል።

ድንቅነሽ ራሷ ባታሰጋም እርሷን ማጥናት ለመከላከል ሥራ ይጠቅማል። ናሳ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዳርት የተባለችውን መንኮራኩር ሆን ብሎ ከዲሞርፎስ ጋር አጋጭቶ ነበር። ዲሞርፎስ ዲዲሞስ የተባለችውን አስትሮይድ የሚዞር ትንሽ ጨረቃ ሲሆን፣ ግጭቱ 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅ የነበረውን ዙሩን በግማሽ ሰዓት ያህል አሳጥሮታል። ዲዲሞስ በስፋትም በቅርጽም ድንቅነሽን ትመስላለች፤ እርሷም በወገቧ ሸንተረር አላት። አንደኛዋ በመሬት አቅራቢያ፣ ሌላኛዋ በቀበቶው ውስጥ የሚገኙ እነዚህ ሁለት አካላት ሲነጻጸሩ፣ ትናንሽ አስትሮይዶች ከውስጥ እንዴት እንደተገነቡና ሲገፉ ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ያስችላሉ።

ከድንቅነሽ በኋላ

ሉሲ ጉዞዋን ቀጥላ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለውን ሁለተኛ የቀበቶ አስትሮይድ በ960 ኪሎ ሜትር ርቀት አልፋለች። ይህም አስትሮይድ ስሙን ያገኘው ቅሪተ አካሏን በሀዳር ካገኙት ተመራማሪ ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን እንደ ሰላም ሁሉ ሁለት አካላት የተጣበቁበት ቅርጽ አለው። የመንኮራኩሯ ዋና ሥራ የሚጀምረው ግን በነሐሴ 2019 ዓ.ም. ዩሪባቴስ ወደሚባለው የመጀመሪያው ትሮጃን ስትደርስ ነው። የመጨረሻው ጉብኝቷ በ2025 ዓ.ም. እንደሚሆን ታቅዷል።

ቅሪተ አካሏ ድንቅነሽ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ትጠበቃለች። ስሟን የተጋራችው ዓለት ደግሞ ሰላምን አስከትላ በየሦስት ዓመት ከሦስት ወሩ ፀሐይን መዞሯን ቀጥላለች። የደረሰችበትን ሥፍራ በማናቸውም ቀን አስልቶ ማወቅ ይቻላል።